ኒሟ ላይ የሰቀልኩት ሃይላንድ

ይሄ ነገር የደረሰብኝ አምና በሰኔ መጨረሻ ነው፣ ሰመራ። «ደረሰብኝ» ማለቴ ራሱ ያሳፍራል፤ አድራሹ እኔ ነኝ። ሰው ልገድል ነበር። በጩቤ አይደለም፣ በመኪና አይደለም፣ በጓሮ ቲማቲም የተነሳ ነው። እስካሁን ድረስ ሰው ሃይላንድ አንስቶ አንገቱን ወደ ኋላ ሲቀለብስ ካየሁ ፊቴን አዞራለሁ። ለዚህ ነው የምጽፍላችሁ።

ተወልጄ ያደግኩት አዋሽ ሰባት ነው። ከትምህርት ጋር ዘጠነኛ ክፍል ላይ ተለያየን፤ እሱም አልፈለገኝ፣ እኔም አልለመንኩትም። አሁን ሰመራ መውጫው ላይ ጎሚስታ ነኝ። ጅቡቲ የሚመላለሱትን ከባድ መኪኖች ጎማ እፈታለሁ፣ እለጥፋለሁ፣ እገጥማለሁ። ምላስህ ከእጅህ ይፈጥናል ይሉኛል። አልዋሹም።

ጓሮውን የጀመርኩት በንዴት ነው። ሰመራ የሚመጣ ቲማቲም መንገድ ላይ ተቀቅሎ ነው የሚደርሰው። አንድ ቀን አንድ ኪሎ ገዝቼ ቤት ስገባ ፌስታሉ ውስጥ ያለው ሾርባ ሆኗል። ተመልሼ ሻጯን «እቺን በጭልፋ ነው የምበላት?» አልኳት። «ካልፈለግክ ራስህ አትተክልም?» አለችኝ። እሺ አልኩ። እልኸኛ ነኝ፣ ተከልኩ።

የምኖርበት የኪራይ ግቢ ከኋላው አራት እርምጃ በስድስት የምትሆን ባዶ መሬት አለችው። ዳሯ ላይ አንዲት ኒም ዛፍ ቆማለች። ግቢውን የምጋራት እትዬ ሙሉን ነው። ከደሴ የመጣች፣ መንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት የምትሠራ፣ ያየችውን ሳትናገር የማታልፍ ሴት ናት።

ሌላው ሰው አባ ሐመዱ ናቸው። አፋር ሽማግሌ ናቸው፤ ከተማው ዳር ፍየሎች አሏቸው። በሁለት ቀን አንዴ በጆንያ የፍየል ፍግ ያመጡልኛል፤ እኔ ደግሞ የነቀልኩትን አረምና የቆረጥኩትን ቅጠል ለግልገሎቻቸው አስይዛቸዋለሁ። እንዲህ እናድርግ ብለን አልተነጋገርንም። አንድ ቀን ፍጉን አምጥተው ጣሉ፣ አረሙን ይዘው ሄዱ፣ በዚያው ለመድን።

የተከልኩት ሚያዝያ ላይ ነው። አባ ሐመዱ ችግኙን አይተው፣ «ይሄን ጊዜ ግመል ጥላ ይፈልጋል። አንተ ቅጠል ታወጣለህ?» አሉኝ። ሳቅኩባቸው። እሳቸው ግን ልክ ነበሩ። አበባው ያወጣል፣ ሙቀቱ ይመታዋል፣ እንደ ብናኝ ይረግፋል። እኔ ደግሞ ከአንድ ሹፌር የተቀደደ የመኪና ሸራ ለመንኩና በጎማ ላስቲክ አሥሬ ጥላ ሠራሁለት።

ከዚያ ነፋሱ መጣ። የሰመራን የከሰዓት ነፋስ የማያውቅ ሰው ካለ አይወቀው። አቧራውን ከየት እንደሚያመጣው እንጃ፤ ጥርስህ ውስጥ፣ ጆሮህ ውስጥ፣ ወጥህ ውስጥ ታገኘዋለህ። ሸራዬን ነቅሎ እትዬ ሙሉ ጣሪያ ላይ ዘረጋው። ወጥታ ወገቧን ይዛ አየችው።

«አንተ፣ ቤቴን ሸራ አልብሰህ ጅቡቲ ልትልከኝ ነው?»

ይሄ በየቀኑ ነው። ጠዋት አሥራለሁ፣ ከሰዓት ይፈታል። ያም ሆኖ ጥቂት ፍሬ ያዘ። መያዙን ያየሁት ደግሞ እኔ ብቻ አልነበርኩም።

መጀመሪያ ነጫጭ ትንኞች መጡ። ቅጠሉን ስትነካው ዱቄት የተበተነ ይመስል ቡን ብለው ይነሳሉ፣ አፍንጫህ ይገባሉ። ቅጠሉ ታች ያጣብቃል፤ እጄን ታጥቤም ይሸተኝ ነበር። ከዚያ ትሉ መጣ። አረንጓዴ፣ ወፍራም፣ ቆዳው የሚያበራ። ከውጭ ስታየው ቲማቲሙ ሙሽራ ነው። ውስጡ ግን ትሉ በልቶ፣ እዚያው ተፀዳድቶ፣ እዚያው ተኝቷል።

ይሄን ያወቅኩት ጋራዥ ምሳ ላይ ነው፤ ለዚያውም ፎክሬ። «ዛሬ የኔን ቲማቲም ትቀምሳላችሁ» ብዬ ሰው ሁሉ ፊት ቆረጥኩት። ትሉ ከነአረንጓዴ ቅርሻቱ እንጀራው ላይ ወርዶ ሽሮውን ይዞ መሄድ ጀመረ። አንዱ ሹፌር ትሪውን ገፋ አደረገና፣ «ወንድሜ፣ ዛሬ ረቡዕ እኮ ነው። የፍስክ ቲማቲም ነው እንዴ ያመጣህልን?» አለኝ። ሳምንት ሙሉ ስሜ «የፍስኩ» ሆነ።

ያ ሳቅ ነው ያበላሸኝ። አመድ ነሰነስኩ፣ ነፋሱ ወሰደው። የሳሙና ውሃ ረጨሁ፣ ትሉ ታጥቦ ወጣ። በእጄ እየለቀምኩ በድንጋይ ጨፈለቅኩ፤ ጭማቂው ዓይኔ ውስጥ ፈነጠቀ። አባ ሐመዱ ቆመው አዩኝና ዛፏን በከዘራቸው ነካ አደረጉ።

«የዚህን ቅጠል ቀቅል። እሱን እርጭ። መራራ ነው፣ ትል አይወድም።»

«አባ፣ እኔ ትሉን መግደል ነው የምፈልገው፤ ማስኮረፍ አይደለም» አልኳቸው። ምላሴ።

በዚያው ሳምንት ቢንያም መጣ። ቢንያም የከባድ መኪና ረዳት ነው፤ ከአዋሽ ጀምሮ ጓደኛዬ። ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውስጥ ቢጫ ዘይት የሚመስል ነገር ይዞልኛል። ከፈት ስታደርገው ጋዝና የበሰበሰ ነጭ ሽንኩርት ይሸታል።

«የጥጥ መድኃኒት ነው» አለኝ። «መልካ ወረር አካባቢ አንድ የማውቀው ሰው ነው የሰጠኝ። ትሉ ይቅርና ትሉን የሚያውቅ አይተርፍም።»

«ስሙ ማነው?»

«ስሙ ምን ያደርግልሃል? ልታገባው ነው?»

ሳቅን። እውነቴን ነው፣ ሁለታችንም ሳቅን። ሁለት ክዳን በአንድ ባልዲ ውሃ ጨምር፣ ፀሐይ ካገኘው ይበላሻል፣ ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጠው ብሎኝ ወደ ገላፊ፣ ወደ ጅቡቲ ድንበር ወጣ።

ሁለት ክዳን አላረካኝም። ስድስት ጨመርኩ። ውሃው ወተት መሰለ። ሌላ ሃይላንድ ክዳኑን በሚስማር በሳስቼ በማለዳ ረጨሁ። ትንሽ ነፋስ መልሶ ፊቴ ላይ በተነብኝ፤ ከንፈሬ ደነዘዘ፣ ራሴን ወቀረኝ። ግድ አልሰጠኝም። ትሎቹ ከቅጠል ላይ እየተጠቀለሉ ሲወድቁ ቁጭ ብዬ አየሁ። መሬት ላይ ሲንፈራገጡ እንዴት ደስ እንዳለኝ አልነግራችሁም። አሁን ሳስበው ከትሉ በላይ የሚቀፈኝ ያ ደስታዬ ነው።

የተረፈውን መድፋት አሳዘነኝ። ሁለት ሊትር ሃይላንድ ውስጥ ገለበጥኩት። ቢንያም ቀዝቃዛ ቦታ ብሏል፤ ፍሪጅ የለኝም። ስለዚህ የማውቀውን አደረግኩ። ሃይላንዱን ጆንያ አለበስኩት፣ ጆንያውን ውሃ ነከርኩት፣ ኒሟ ላይ ጥላው ጋ ሰቀልኩት።

እዚህ ጋ ቆም በሉ። ከአዋሽ እስከ ገላፊ በዚህ መንገድ ላይ እርጥብ ጆንያ ለብሶ ጥላ ሥር የተሰቀለ ሃይላንድ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሚጠጣ ውሃ። ሹፌሩም እንዲህ ነው የሚያቀዘቅዘው፣ ከብት ጠባቂውም፣ እኔም ጎማ ቤቴ በር ላይ። የማን ነው ተብሎ አይጠየቅም። የተጠማ ያወርዳል፣ ይጠጣል፣ መልሶ ይሰቅላል። እኔ ይሄን መራመድ ሳልጀምር ነው ያወቅኩት። ያን ቀን ግን ጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው መርዙ እንዳይበላሽብኝ ብቻ ነው።

በማግሥቱ ከሰዓት ነፋሱ እንደ ልማዱ ተነሳ። ሸራው ሊነቀል ሲል ሮጬ ገመዱን በሁለት እጄ ያዝኩት። ጀርባዬ ወደ ኒሟ ነበር። አባ ሐመዱ «አሰላሙ አለይኩም» ብለው ገቡ። ሳልዞር «ወአለይኩም ሰላም፣ አባ» አልኩ። የፍግ ጆንያው መሬት ላይ ሲወድቅ ሰማሁ። ቀጥሎ ዝም አሉ። ያ ዝምታ ነው ያዞረኝ።

አንገታቸው ወደ ኋላ ነው። ሃይላንዱ አፋቸው ላይ ነው። ጉሮሯቸው ሲወርድ ሲወጣ አየሁት። አንድ። ሁለት።

«አባ! አይጠጡት! አባ!»

ገመዱን ለቀቅኩት፤ ሸራው ፊቴን ገርፎኝ ሄደ። ስደርስ ራሳቸው ከአፋቸው አውርደውታል። ነጩን ጢማቸው ላይ ተፉት። እኔን አላዩኝም፣ ሃይላንዱን ነው ያዩት።

«ውሃህ ታሟል» አሉኝ።

እትዬ ሙሉ ጩኸቴን ሰምታ ወጣች። «ምንድነው ያጠጣሃቸው?» አለች። ነጠላዋን ሳትለብስ አስፋልት ወጥታ ባጃጅ አስቆመች። አባ ሐመዱን ደግፌ አስገባኋቸው፤ ቢጫውንም ሃይላንድ ከቤት አንስቼ ያዝኩ።

ባጃጁ ውስጥ ላባቸው እንደ ውሃ ይወርዳል። ምራቃቸው ሊቆም አልቻለም፤ እጄ ላይ፣ ሱሪዬ ላይ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ግን እጄን ይዘዋል። በልቤ እሳቸው የያዙት የሚገድላቸውን እጅ ነው እያልኩ በአፌ «ትንሽ ነው አባ፣ ምንም አይልዎትም» እላለሁ። ውሸቴን። ዓይናቸው መሐል ያለው ጥቁሩ ነገር የመርፌ ቀዳዳ አክሏል።

ሆስፒታል አንዲት ነርስ ተቀበለችን።

«ምን ጠጥተው ነው?»

«የጥጥ መድኃኒት።»

«ስሙ?»

«አባ ሐመዱ።»

«የመድኃኒቱን ነው የምልህ! ስሙ ማነው?»

«ስሙ ምን ያደርግልሃል?» ያለው የቢንያም ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ። ደወልኩለት። አይሠራም። ደወልኩ። ገላፊን ተሻግሯል፣ ስልኩ ጅቡቲ ገብቷል። ሃያ ጊዜ ሳልደውል አልቀርም። ነርሷ ሃይላንዱን ከእጄ ነጥቃ አሸተተችው፤ ፊቷ ተጨማደደ። ዓይናቸውን በመብራት አየች፣ ዶክተሩን ጠራች፣ መርፌ ወጉ፤ ትንሽ ቆይተው ደገሙ፤ ደግሞ ደገሙ። ስትወጣ ቆም ብላ ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ።

«መርዝ በውሃ ዕቃ» አለች። የሚጠረግ ቆሻሻ እንዳየ ሰው ነበር ያየችኝ።

ብዙም ሳይቆይ ዘመዶቻቸው መጡ። አምስት ናቸው። ፊት ያለው የእህታቸው ልጅ ነው፤ ወገቡ ላይ ጊሌ የሚሉትን ጩቤ ታጥቋል፣ እጁ ላይ ዱላ አለ። እትዬ ሙሉ ክንዴን ይዛ «ሂድ፣ ሂድ፣ በጓሮ ውጣ» ትለኛለች። አልሄድኩም።

«ጎሚስታው አንተ ነህ?» አለኝ።

«እኔ ነኝ።»

ዱላውን ጠበቅኩ። ዱላው አልመጣም። የኮሪደሩ ወለል ላይ ተቀመጡ። እኔንም ቁጭ በል አሉኝ።

«ንገረን» አለ። «ከመጀመሪያው።»

አፋር ሲገናኝ ያየውንና የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ይነጋገራል፤ ዳጉ ይሉታል። ውሸት የገባበት ዳጉ ከሰው አያኖርም። እኔ እዚያ መንገድ ላይ ስንቱ ቆሞ ዳጉ ሲለዋወጥ አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ዳጉ ግን ከኔ ይፈለጋል ብዬ አስቤ አላውቅም። ጀመርኩ። ቶሎ ብዬ ወደ ሆስፒታሉ ልዘል ስል ይመልሰኛል።

«ማን ሰጠህ?»

ነገርኩት።

«ስንት ጨምር አለህ?»

«ሁለት ክዳን።»

«አንተስ?»

«ስድስት።»

ለሌሎቹ በአፋርኛ ነገራቸው። አንዱ ሽማግሌ ምላሱን ጠቅ አደረገ።

«ጆንያ ለምን አለበስከው?»

«እንዳይሞቅ።»

«የት ሰቀልከው?»

«ጥላ ሥር።»

«አንተ የዚህ አገር ሰው አይደለህም?»

«ነኝ። አዋሽ ነው ያደግኩት።»

ይሄንንም ለሌሎቹ በአፋርኛ ነገራቸው። ዘጠኝ ዓመት ተምሬ እንደዚህ ያለ ፈተና አልገጠመኝም። ምላሴ የት እንደሄደ እንጃ። ራሴን ከራሴ አፍ ስሰማው፣ ያ ቲማቲሙ ውስጥ ያለው ትል እኔ ነኝ ብዬ አሰብኩ፤ ከውጭ ደህና፣ ከውስጥ ግማት።

«ሰምተናል» አለ የእህታቸው ልጅ። ተነስቶ ወደ ውስጥ ገባ። በቃ። ቢደበድበኝ ይሻለኝ ነበር፤ ዱላ ሲያልቅ ያልቃል።

አባ ሐመዱ ተረፉ። ሦስት ቀን ተኝተው በአራተኛው ወጡ። ዶክተሩ በጥብጬ ማቅጠኔ ነው የረዳቸው አለ። ቢጫውን ጠጥተው ቢሆን ኖሮ... አልጨረሰውም።

ከሆስፒታል እንደወጡ ጓሮውን ነቀልኩት። ትል የሚባል የለም። አሥራ አንድ የበሰለ ቲማቲም፣ እንደ ሥዕል የሚያምር፣ አንድ ቀዳዳ የሌለበት። ፍየል እንዳያገኘው፣ ዶሮ እንዳትጭረው ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሬ ከነሥሩ ቀበርኩት። እትዬ ሙሉ በር ላይ ቆማ አየችኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም አላለችም።

ቢንያም በሳምንቱ ከጅቡቲ ተመለሰ። ነገርኩት።

«ተረፉ አይደል? ታዲያ ምን ሆንክ?» አለኝ።

«ስሙን ንገረኝ።»

«የማንን?»

«የመርዙን!»

ትከሻውን ነቀነቀ። አያውቀውም። እሱም አያውቀውም፣ ለእሱ የሰጠውም አያውቀው ይሆናል። ስሙን የማናውቀውን ነገር እየተቀባበልን ሽማግሌ ጉሮሮ አደረስነው። ከዚያ ወዲህ ጎማህ ሲፈነዳ ሌላ ጋ ሂድ ብዬዋለሁ።

የባሰው ገና ነበር። ጎማ ቤቴ በር ላይ ሁልጊዜ ጆንያ የለበሰ ውሃ እሰቅላለሁ፤ እውነተኛ ውሃ። ድሮ ከሰዓት ሳይደርስ ሁለት ሦስት ጊዜ እሞላው ነበር። ከዚያ በኋላ ጠዋት የሰቀልኩት ማታ ሞልቶ ይጠብቀኛል። ዳጉው ደርሷል። ማንም አልሰደበኝም፣ ማንም ክፉ አላየኝም። ብቻ ያልፋሉ። አንድ ቀን ሁለት ግመል ነጂዎች መጡ። አንዱ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። እጁን ወደ ሃይላንዱ ሰደደ። ሌላኛው በአፋርኛ ሁለት ቃል ተናገረው። እጁ አየር ላይ ቆመ፣ ተመለሰ። እንደዚያ ተጠምቶ ሄደ። ያቺ የተመለሰች እጅ ከሆስፒታሉ በላይ አመመችኝ።

አባ ሐመዱ ወር ሊሞላ ሲል መጡ። ከስተዋል። ፍግ አልያዙም። ጎማ ላይ ተቀመጡ፣ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። እኔ ስለ ይቅርታ ያዘጋጀሁት ነገር ነበር፤ ሳልጀምረው ተነሱና ሃይላንዱን አወረዱ። ጆንያውን ገልጠው አዩት። ከዚያ ለኔ ዘረጉልኝ።

«ጠጣ» አሉ።

ጠጣሁ። ጉሮሮዬን እያዩ ነበር፣ መውረዱን። ተቀበሉኝ፣ ግን አልጠጡም። ተቀመጡ። ስለ ዝናብ ጠየቁኝ፣ ስለ እናቴ ጠየቁኝ፣ አንድ የመኪና ጎማ ፈትቼ እስክለጥፍ ጠበቁ። ከዚያ አንገታቸውን ቀና አድርገው ጠጡ። እኔ ማየት አልቻልኩም፣ ጎማውን አየሁ።

ጓሮዋን እንደገና ጀመርኩ፣ ባለፈው ጥቅምት፣ ሙቀቱ ሲበርድ። የኒም ቅጠል ነው የምቀቅለው። ግቢው ይመርራል፣ እጄ ይመርራል፣ ትሉ ያኮርፋል፤ ግማሹን ግን ይበላዋል። ይብላ። እትዬ ሙሉ ከትሉ የተረፈውን ነው የምንበላው እያለች ታሾፋለች።

አባ ሐመዱ ፍጉን ማምጣት ጀምረዋል። ለግልገሎቹ ግን ከኔ ግቢ ቅጠል አይወስዱም። በመጡ ቁጥር ውሃውን ያወርዱና መጀመሪያ ለኔ ይዘረጉልኛል። ሰው ባለበትም እንዲሁ ነው፤ መንገደኛ እያየ። አንድ ዓመት ሊሆነን ነው። በቃ አባ፣ አሁንማ ያምኑኛል ወይ ብዬ ልጠይቃቸው አስቤ አውቃለሁ፤ ምላሴን ነክሼ ተውኩት። ተቀብዬ እጠጣለሁ። በዋጥኩ ቁጥር ራሴን እጠየፋለሁ፤ እሳቸው ይጠብቃሉ፣ እኔም እጠብቃለሁ፤ ከዚያ ይጠጣሉ።